ከድልድዩ ሥር ያለችው ድመት

በደርግ ዘመን፣ ለጋዜጣ ዜና እየላክሁ በምሠራበት ጊዜ፣ በማግስቱ ደሴ ላይ የእንግሊዝኛ ፈተና ነበረብኝና ከቆቦ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ፈተናውን ያለፈ የደረጃ ዕድገት ያገኛል፤ የቀረ ሌላ ዕድል የለውም። በእጄ የያዝሁት ደብተር «ኢን»፣ «ኦን» እና «አንደር» የት የት እንደሚገቡ በሚያሳዩ ዓረፍተ ነገሮች ተሞልቷል።

መንገድ ላይ ካለ ኬላ ስንፈተሽ የጥበቃው ኃላፊ ደብተሩን ገለጠው።

«ጓድ፣ ይቺ ምን ትላለች?»

«ድመቷ ከድልድዩ ሥር ናት።»

«የትኛው ድልድይ?»

«ለምሳሌ ነው እንጂ እውነተኛ ድልድይ አይደለም። ‹አንደር› ማለት ሥር ማለት ነው።»

«እዚህ አካባቢ ያለው ድልድይ አንድ ነው» አለና ሁለት ሚሊሻዎች ላከ። እኛም በዚያ ሐሩር አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ከኋላዬ የነበሩት የጎብዬ ነጋዴ ሴት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ድመቲቱን አውጣላቸውና እንሂድበት!»

«እናቴ፣ ድመት የለችም።»

«ታዲያ የሌለች ድመት ምን አስጻፈህ?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሚሊሻዎቹ ላብ አጥምቋቸው ተመለሱ። ድመት አላገኙም። በየጫንቃቸው ግን አንዳንድ ጆንያ ሰልባጅ ልብስ ተሸክመዋል፤ ኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ከድልድዩ ሥር የደበቁት ነው።

ኃላፊው ከአውቶቡሱ አስወርዶ አቅፎ ሳመኝ። ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። እሱ ግን አውቶቡሱን በእጁ አሰናበተና ወንበር አስመጣልኝ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶም የደብተሬን ገጽ ገለጠ።

«በል ጓድ» አለኝ፤ «ቀጣዩን አንብብልን።»