ከኮት ገበር የወጡት ሜዳሊያዎች

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት «ጋሽ አደሎ አረፉ» ብሎ የደወለልኝን ጎረቤታቸውን «ሦስት ምስክር አምጣ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ይቅር ይበለኝ። ቦንጋ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ከቢሮ በር ላይ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ሁለተኛ ሰው ደወለ። ሦስተኛዋ ደዋይ ልጃቸው ነበረች። ማስረጃው ተሟላ።

ግን ወዳጆቼ፣ ዛሬ ለቅሶ ብቻ አልጽፍም። ሰውየው አሸንፈው ነው የሄዱት። የምጽፈው ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ግን እልልታ ነው።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቅ። ጋሽ አደሎ ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችው የማንኪራ ቀበሌ ሰው ናቸው፤ ቡናና ንብ ይዘው የሚኖሩ። በባድመ ጦርነት ዘምተው፣ ሁለት ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ተሰክቶላቸው ተመለሱ። የአገልግሎት ማኅደራቸው ግን እንዲህ ይላል፦ «ሽልማት፦ የለም።»

እኔ የዘማቾችን ጉዳይ ከሚያየው የዞኑ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው። የዞኑ ቅሬታ ሁሉ በጣቴ አልፏል። እንደ እሳቸው ያለ ባለጉዳይ ግን አላየሁም። ልመና የለ፣ ስድብ የለ። «ማኅደሬ ይታረምልኝ» በሚለው ማመልከቻቸው መጨረሻ ላይ «በታላቅ አክብሮት» ብዬ ስጽፍ እንኳ «በአክብሮት ይበቃል፣ ታላቁን አውጪው» ይሉኛል።

ሜዳሊያዎቹን ደግሞ አያደርጓቸውም። ማለቴ ያደርጓቸዋል፤ ከኮታቸው ውስጥ፣ ገበሩ ላይ። ሲራመዱ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። በበዓል ቀን ጓዶቻቸው ደረታቸውን ነፍተው ከፊት ሲሰለፉ፣ እሳቸው ሽልማት ከሌላቸው ጋር ከኋላ ይቆማሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦

«ፋይሉ ያላለውን አፍ አይበለው።»

ልጃቸው ተዳረች፣ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሣ፤ ሜዳሊያዎቹ ከገበሩ አልወጡም። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ፣ ካይዘን የሚሉት መጣ፤ የጋሽ አደሎ መልስ ግን አልመጣም።

በመጨረሻ ጽሕፈት ቤቱ አብረዋቸው የዘመቱ ሦስት ምስክሮች ይቅረቡ አለ። የቦንጋው መሰከሩ። የሺሺንዳው መሰከሩ። ሦስተኛው ከደካ የመጡት ጋሽ ገብሬ ነበሩ። ወዳጃቸውን ሊጠቅሙ ፈለጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አራት ቁስለኛ ተሸክሞ አውጥቷል፤ አራተኛው እኔ ነኝ» አሉ።

ጤነኛ ባለጉዳይ እዚህ ላይ ጭጭ ይላል። ጋሽ አደሎ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሦስት ነው። አንተ በእግርህ ነው የመጣኸው።»

ጋሽ ገብሬ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጠባሳቸውን አሳዩ። ጋሽ አደሎ «ጠባሳውን አልካድኩም፣ መሸከሜን ነው የካድኩት» አሉ። ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ጦፈ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው ባለሙያ አንዱንም አንዱንም አየና «ምስክርነቱ ስለሚጋጭ እንደገና ይቅረብ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እንግዲህ ራሱ ባመጣው ምስክር ላይ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀረበ አመልካች ያያችሁ ንገሩኝ።

ያን ቀን እኔ ነኝ የተቆጣሁት። አራት ቢባል ምን ይጎዳዎት ነበር አልኳቸው።

«ልጄ፣ የጎደለውን ሊያስሞላ የመጣ ሰው የሌለውን ያስጨምራል?»

ሁለቱ አዛውንቶች ሁለት ዓመት ተኳረፉ። ብዙ ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። በኋላ እኔው ደካ ደወልኩና ጋሽ ገብሬን «እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፣ በቆሰሉበት ቀን እንዴት ነው የመጡት» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ትከሻውን ይዤ» አሉ። ጋሽ አደሎን ጠየቅኩ። «ትከሻዬንማ ይዟል፤ እሱን አልክድም።»

አለቀ። «ሦስት ቁስለኞችን ተሸክሞ፣ አንዱን ደግፎ አውጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም እየተገለማመጡ ፈረሙ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰ። ሱቄን እንደተከፈተ ትቼ በሞተር ወደ ማንኪራ በረርኩ፤ የመጨረሻዋን መንገድ በእግሬ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ። ጋሽ አደሎ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ቀፎ እየሰቀሉ። ከላይ ሆነው አንብቢው አሉኝ። እኔም ከሥር ሆኜ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠርጌ፦ «ሽልማት፦ ሁለት ሜዳሊያ። ማኅደሩ በዚሁ መሠረት ተስተካክሏል።»

ጋሽ አደሎ ቀፎውን ከቅርንጫፉ ጋር አጥብቀው አሠሩት። ከዚያ፦

«ቁስለኞቹን ስንት ይላል?»

«ሦስት ተሸክሞ፣ አንዱን ደግፎ።»

ይሄኔ ወረዱ። ኮታቸውን አስመጡ፤ መርፌ ቁልፉን በገዛ እጃቸው ፈትተው ሜዳሊያዎቹን ወደ ውጭ አወጧቸው። ቅዳሜ ገበያ ቦንጋን ከላይ እስከ ታች ዞሯት። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ደረታቸው ይናገር ነበር። ሱቄ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና «አሁን አፍ ይበለው» አሉኝ።

ይኸው እያልኩት ነው። እናንተም በሉት።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ጋሽ ገብሬ ደወሉ። ከደካ ተነሥተዋል። ነገ ቃሬዛውን ከፊት የምይዘው እኔ ነኝ አሉኝ። በዚያ እግርዎ ይችላሉ ወይ አልኳቸው።

«ያኔ እኔ የሱን ትከሻ ያዝኩ። ነገ የኔን ይያዝ።»

ጋሼ፣ ይሰማሉ? ኮትዎ ተተኩሷል፤ ሜዳሊያዎቹ ከውጭ ናቸው። ነገ «በእግሬ ነው የመጣሁት» ብለው እንዳይከራከሩን፤ ምስክሩ ብዙ ነው፣ የሚሸከሙዎትንም ሰዎች ቁጥር አንድ ሳልጨምር እጽፈዋለሁ። ከፊት ተሰልፈው ይሂዱ።

በታላቅ አክብሮት። ዛሬስ ታላቁን አላወጣውም።