አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ሕክምና ልማር ከቡሬ ወደ ቤይሩት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ በተነሣው አውቶቡስ ነው። በዋዜማው ምሽት ቤታችን በጎረቤት ሞልቶ ነበር፤ አንዱ ሲመርቀኝ ሌላው ሲመክረኝ፣ ከደምበጫ ማዶ አልፎ የማያውቀው ሁሉ የባሕር ማዶን ሰው ጠባይ ሲነግረኝ አመሸን። አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ብቻ አሳለሙኝ። እናቴ የቡሬ በርበሬ በጨርቅ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ መሀል ደበቀችልኝ። ከሁሉ በኋላ የአጎቴ ሚስት እትዬ የሻረግ ወደ ጥግ ጠሩኝ። አጎቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሡ ደምበጫ ላይ ነው ያረፈው።

"አንች ልጅ" አሉኝ፣ "ከሐኪሞቹ አገር ስትደርሽ የገደለውን ነገር ስሙን ጠይቂልኝ። በምን ሞተ ሲሉኝ 'በሆዱ' እያልሁ ሰለቸኝ።"

ስሙን ያገኘሁት ቤይሩት፣ በሕክምና ትምህርቴ በመጨረሻው ዓመት ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ልክ እንደ አጎቴ ሆዳቸው ተነፍቶ መጡ። ቀዶ ሐኪሙ ሆዳቸውን ከፍቶ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን አንጀት በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኋላ አዞረው። የጠቆረው ቀላ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ለአጎቴ የጠፋለት ሁለት እጅና አንድ ንጹሕ ክፍል ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ቀዶ ሐኪም ለመሆን ቆረጥሁ። ለእትዬ የሻረግም "የአንጀት መጠማዘዝ ይባላል" ብዬ ጻፍሁላቸው።

ሴት ልጅ ለሕፃናት ሕክምና እንጂ ለቢላዋ አትሆንም የሚለኝ ብዙ ነበር። በስንት ደብዳቤ አንድ የጀርመን ሆስፒታል ለአንድ ዓመት ሙከራ ተቀበለኝ። ዓመቱ ሲያልቅ በቀዶ ክፍሉ የምትገኘው የሥልጠና ቦታ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷን ለማግኘት ነው የሄድሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ገባሁ።

"ምን ያህል ጊዜ ሊቆዩ አስበዋል?" አለኝ ሹሙ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልሁት በትሕትና።

ብዕሩን አስቀመጠ። "ወይዘሪት፣ እሱ ማመልከቻ አላስገባም። ያመለከቱት እርስዎ ነዎት።"

አባቴን የሚያህል ሰው "እርስዎ" ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። የቤት አከራዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኬለር ግን በሁለተኛው ወር "አንቺ" ስላሉኝ እናቴ የጠራችኝ ያህል ደስ አለኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ማታ ማታ ድንችና ጎመን ያቀርቡና "ካርቶፍል ልጨምርልሽ?" ይሉኛል፤ ድንቹን ነው። "በቃኝ" እላለሁ። ድስቱን አንሥተው ይሄዳሉ። ይመለሳሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አይመለሱም። እኛ ዘንድ እንግዳ በቃኝ ቢል "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ሳይል ድስት የሚያነሣ ባለቤት የለም፤ ቤይሩትም ልማዱ ያው ነበር። ለበርበሬ አገር ልጅ አልጫ ድንች ምኑ ያጓጓል ትሉ ይሆናል። ረኃብ ያጓጓል። ልትመጡ ያሰባችሁ እኅቶቼ፣ ብርዱን አትፍሩት፤ ከጮቄ ተራራ ብርድ አይብስም። የምትፈሩት ነገር ቢኖር አንዴ ብቻ መጠየቁን ነው።

ስድስት ወር እንዳለፈ፣ አንድ ማክሰኞ የቀዶ ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ።

"ዶክተር፣ የሥልጠና ቦታዋን ለእርስዎ አስቤ ነበር። ይወስዷታል?"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ቄስ ቤት እንዳደገ አፍ መለሰ፦ "ኧረ ፕሮፌሰር፣ ለእኔ ይበዛብኛል። ከእኔ የተሻሉ አሉ።"

"ግልጽ ስለሆኑልኝ አመሰግናለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቅ ጀመር። ረቡዕ በቢሯቸው በር ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ሐሙስ ፊት ለፊት ተገናኘን፤ ሰላም ብለውኝ አለፉ። ዓርብ ሰሌዳው ላይ የአንድ ባልደረባዬ ስም ተለጠፈ።

ማታ እህል አልወርድልኝ ሲል ፍራው ኬለር ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

"እንደገና ሳይጠይቁኝ ለሌላ ሰጡት" አልሁ።

"አልፈልግም አላልሽም?"

"ብያለሁ። ግን አልፈልግም ማለቴ አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ማለትሽ ነበር?"

"እፈልጋለሁ።"

ሹካቸውን አስቀመጡ። ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ።

"ድንቹስ?"

ሳላስበው ዓይኔ ድስቱ ላይ ዐረፈ።

"ስድስት ወር ሙሉ? በጦርነቱ ጊዜ ረኃብን ስላየሁት፣ በእኔ ገበታ ማንም አይራብም ብዬ ምያለሁ። አንቺ ከፊቴ ተቀምጠሽ ትራቢያለሽ?" ተቆጡም፣ እንባም መጣባቸው። ከዚያ ድስቱን አምጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "በይ፣ 'ኢሽ ቪል' በይ።" እፈልጋለሁ ማለት ነው። እኔ "ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር" የሚለውን ለስላሳውን ስጀምር ድስቱን ወደ ኋላ ይስቡታል። በአራተኛው ድንች ላይ "ኢሽ ቪል" የሚለው ድምፄ ተሰማ።

ሰኞ የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳሁ። ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርሁ።

"ቦታዋን እፈልጋለሁ።"

"ማክሰኞ እምቢ ብለውኝ ነበር።"

"በአገሬ ሰው ሲሰጡት መጀመሪያ እምቢ ይላል። ያለዚያ ስግብግብ ይባላል።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለቴ። ሲበዛ ሦስቴ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሆድ ከፍቼ ረዳቴን 'ይይዙልኛል?' እያልሁ ሦስት ጊዜ ብለምን በሽተኛው ምን ይሆናል?"

"ይሞታል" አልሁ።

"የሰጠሁትን አልነሣም" አሉ። "ለሁለተኛው የቀዶ ጠረጴዛ ግን ስድስት ወር መንጠቆ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እናያለን። ይፈልጋሉ?"

"እፈልጋለሁ" ያልሁት ቃላቸውን ሳይጨርሱ ነው። አፈርሁ። እሳቸው ግን ሳቁ።

እንዲህ ሆኖ ጀመርሁ። የተከፈተ ሆድ ግራና ቀኝ በብረት መንጠቆ ስቤ ክንዴ እስኪደነዝዝ እቆማለሁ። ቤት ስገባ ለልምምድ የአልጋዬ ብረት ላይ ክር እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ። አንድ ቀን ነርሷ መቀስ ስትሰጠኝ፣ እንዳደግሁት ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኋት።

"ዶክተር" አለችኝ፣ "ሌላው እጅዎ ደም ሥር ይዞ አልነበረም?"

ፕሮፌሰሩ ምንም ሳይናገሩ ደም ሥሩን በጣታቸው ያዙልኝ። ስድስቱ ወር ሲያልቅም አምስት ዓመት ለሚፈጀው ሥልጠና ሌላ ቦታ አስፈቅደው ተቀበሉኝ። ያን ማታ ፍራው ኬለር ድስቱን እንደ ሞላ ፊቴ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ወጡ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ያለብኝን ምስጋና በምን ቋንቋ እንደምናገረው አላውቅም።

ባለፈው ወር ከአባቴ ጋር በደብዳቤ ተቀጣጥረን፣ ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ደወልሁላቸው። እናቴ ስልክ ትፈራለችና አልመጣችም። የአባቴ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። የከብቱንም የዝናቡንም ነገር "እግዚአብሔር ይመስገን" ካሉኝ በኋላ ጠየቁኝ፦

"ያን የአጎትሽን ሕመም ትችይዋለሽ?"

እዚያ አገር ቤት ብሆን "እኔ ምን አውቄ፣ አባየ" እል ነበር። "እችለዋለሁ" አልሁ። "ፕሮፌሰሩ ከፊቴ ቆመው ሁለት ጊዜ በእጄ ፈትቻለሁ። ሁለቱም ድነዋል።"

እንዲህ ብዬ ስለ ራሴ መናገሬ ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ።

"እንግዲያ ነይ፣ ልጄ" አሉ። በየደብዳቤው "እኛን አታስቢ፣ ተማሪ" ሲሉ የኖሩት አባቴ ናቸው።

"አራት ዓመት ይቀረኛል፣ አባየ። ይጠብቁኛል?"

"እሺ" አሉ። "እሺ፣ ምን አለበት።"

ሁለተኛ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። የምኖርበት አገር እሺ ያው እሺ ነው። የአባቴ ግን እውነተኛ እሺ ይሁን፣ ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ያሉት፣ ፊታቸውን ስላላየሁ እስከ አሁን አላወቅሁም።