የወልደአረጋይ እጆች ንግግር ያደረጉ ለት

ወልደአረጋይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ነው። ተወልዶ ያደገው ከአንኮበር ቁልቁል፣ ሰው ጎረቤቱን ከገደል ማዶ በክንዱ በሚጣራበት አገር ነው። እዚያ ነፋሱ ድምፅን ይበላል፤ ክንድን ግን አይችለውም። ከተማ ገብቶ ተራ ማስከበር ሲጀምርም በዚያው ቀጠለ። አይጮህም፣ ፊሽካም የለውም። ሁለት መዳፎቹን ወደ ደረቱ ሲስብ ተረኛው ባጃጅ ይጠጋል። ቀኝ ክንዱን ወደ አስፋልቱ ሲዘረጋ የሞላው ይነሳል። ክንዶቹን ደረቱ ላይ ካጣመረ ደግሞ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሾፌሮቹ ከመልመዳቸው የተነሳ አንተነህ የሚባለው «ጋሽ ወልዴን ብብቱን ሲያሳክከው እንኳ እኔ ማርሽ አስገባለሁ» ይላል።

ይኼው ሰው ንግግር አድርግ ሲሉት ግን እጁ ይሞታል። አምና በማኅበራቸው ስብሰባ ላይ ሁለት እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ጫማ ጫማውን እያየ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለና ተቀመጠ። ሚስቱ ይርጋለም ቤት ሲገቡ፣

«ምን ሆነህ ነው? ዶሮ ሰርቆ የተያዘ ሰው ትመስል ነበር እኮ!» አለችው።

ዘንድሮ ማኅበሩ ለተሳፋሪዎች የዝናብ መጠለያ አሠራ። ምረቃው ላይ እንዲናገር የተመረጠው አሁንም ወልደአረጋይ ሆነ፤ መጠለያ ይሠራ እያለ ሲወተውት የኖረው እሱ ነውና። ድንጋጤው ሲበዛበት የእህቱ ልጅ ማርያማዊት ደረሰችለት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በሰው ፊት ስለ መናገርም ኮርስ ወስዳለች። ቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት አቆመችው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

«ይበርደዋል።»

«ይብረደው! ‹እኛ› ሲሉ ሰዉን እንደሚያቅፉ ሁሉ ሁለት እጅዎን ወደ ደረትዎ ይሳቡ። ‹ወደፊት› ሲሉ ቀኝ እጅዎን ራቅ አድርገው ይዘርጉ። ክንድ ማጣመር ግን ክልክል ነው፤ በሰው ፊት በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል።»

«ዓይኔንስ የት ላድርገው?»

«ከሰዉ መካከል የሚወዱትን አንድ ፊት ይምረጡና እሱን እያዩ ይናገሩ።»

«የማንን ፊት እንደሚመርጥ እናያለን!» አለች ይርጋለም ከጓዳ።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደ። አንድ ቀን «ወደፊት!» ሲል የሽሮ ድስቱን በክንዱ ጠርጎ መሬት ላይ ደፋው። ማርያማዊት «ጎሽ! ስሜት ማለት እንዲህ ነው!» ብላ አጨበጨበች። ይርጋለም ያለችው ግን ሌላ ነው፤ እዚህ አይጻፍም።

የምረቃው ቀን ሰዉ ገና እየተሰበሰበ ሳለ ዝናብ ጀመረ። አዲሱ መጠለያ እዚያው ተገትሯል፤ ሪባኑ ስላልተቆረጠ ግን ደፍሮ የሚገባ ጠፋ። ለቡራኬ የመጡት ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ጥምጥማቸው እንዳይበሰብስ ፊት ለፊት ከተሰለፉት ባጃጆች በመጀመሪያው፣ በአንተነህ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እሳቸውን አይተው የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሌሎቹ እንግዶችም በየባጃጁ ተጠለሉ። ይርጋለምና ማርያማዊት በአንድ ዣንጥላ ሥር ደጅ ቀሩ።

ወልደአረጋይ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። ዝናቡ የባጃጆቹን ሸራ ስለሚደበድበው ውስጥ ላሉት አንዲት ቃል አትሰማም፤ የሚታያቸው እጁ ብቻ ነው። እጆቹን ከኪሱ አወጣ። የይርጋለምን ፊት መረጠ።

«የተከበራችሁ እንግዶች! እኛ...» አለና መዳፎቹን ወደ ደረቱ ሳበ። አንተነህ ሞተር አስነሥቶ ጠጋ አለ።

«...ወደፊት እንሄዳለን!» ክንዱ ወደ አስፋልቱ ተዘረጋ። አንተነህም ቄሱን እንደ ጫነ ወደ ጠባሴ ሰፈር ነዳው።

የይርጋለም ዓይን ፈጠጠ። ወልደአረጋይ ደስ አለው፤ ንግግሩ ገና ከጅምሩ ልቧን የነካው መሰለው።

«እኛ ብርዱን ችለን...» ሁለተኛው ተጠጋ። «...ወደፊት ገሰገስን!» ሊቀመንበሩ ሄዱ።

ይርጋለም ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ምስኪን፣ የተቸገርንበት ዘመን ትዝ ብሏት ነው ብሎ አሰበና የእሱም ዓይን እንባ አቀረረ። ድምፁን ከፍ፣ ክንዱን ረዘም አደረገ። «እኛ! ወደፊት! እኛ! ወደፊት!»

«ጋሼ፣ እጅዎን!» ብላ ማርያማዊት ጮኸች።

እሱ እቴ! ጭራሽ ዘረጋው።

የጠበቀውን ጭብጨባ ሲያጣ ዓይኑን ከይርጋለም ፊት አንሥቶ ወደ ባጃጆቹ ዞር አለ። ከሰልፉ የቀረው አንድ ባጃጅ ነው፤ እሱም ሊነሳ እየተንቀሳቀሰ ነው። ክንዶቹን ሊያጣምር አነሣና ክልክል መሆኑ ትዝ ሲለው አየር ላይ ቀሩ።

«ማርያማዊት፣ ላጣምር?» አለ በድምፅ ማጉያው።

«ያጣምሩ! ያጣምሩ!»

አጣመረ። ባጃጁ ሲጥ ብሎ ቆመ። ውስጡ የሪባኑን መቀስ የያዘው የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርና ሌላው ሁሉ ቢሄድ መቀሱ ተረፈ።

ስልክ ተደወለ፤ ባጃጆቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። ወልደአረጋይ አንተነህ ላይ አፈጠጠ።

«ቄሱን የት ይዘህብኝ ሄድክ?»

«ሂድ አልከኝ፣ ሄድኩ። አባም ምንም አላሉኝ!»

ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወረዱ። «እኔማ የምረቃው ሥርዓት መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ስባርክ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ወልደአረጋይን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሰብኬ አንድ ሰው ከቆመበት አላነቃነቅሁም። አንተ በአንድ ክንድ ጠባሴ አደረስኸኝ!»

ሰዉ በሳቅ አለቀ። ከሊቀመንበሩ በስተቀር፤ እሳቸው የተመለሱት በእግራቸው ነበር፤ ሾፌራቸው መንገድ ላይ ሌላ ተሳፋሪ ጭኖባቸው ተጣልተዋል። ሳቁ ጋብ ሲል «ጨርስ! ጨርስ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ወልደአረጋይ እንደ ገና ቆመ። ማርያማዊትን ቀና ብሎ አየና ክንዶቹን ግጥም አድርጎ አጣመረ።

«መጠለያው ይኸውላችሁ። በርዷችኋል፣ ግቡ» አለ።

እንዲያ የተጨበጨበለት ሰው በዚያ ተራ ታይቶ አይታወቅም። ሪባኑ ተቆረጠ። በዚያን ሰዓት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ሰዉ ግን እየተጋፋ መጠለያው ውስጥ ገባ። ሊቀመንበሩም አኩርፈው ጥግ ይዘው ቆሙ። ወልደአረጋይ በሩ ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ እየጨበጠ፣ ጥርሱን መክደን አቅቶት፣ «እንኳን ደስ አላችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ!» ይል ነበር።