ሳይሰጡት የማይነካው

ከልጅነቷ ጀምሮ መምረጥ አይሆንላትም። ጫማ ልትገዛ ገብታ ሁለት ጥንድ አቅፋ ስትቆም ሻጩ ሱቁን ሊዘጋ ይደርሳል፤ እናቷም «ሁለት ልብ» የሚል ስም አውጥታላታለች። እንግዲህ አለቃዋ «የአዲሱን ሥራ ፍሬምወርክ አንቺ ምረጪ፤ ከሰዓት በኋላ እንወስናለን» ያላት ይህችን ሰው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሰበብ ፈልጋ ትሸሽ ነበር። የዛሬው ጉዳይ ግን እቤቷ ድረስ የገባ ነውና ከጠዋት ጀምሮ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቅቷታል።

ፕሮግራመር ናት። ጠባቡ ቢሯቸው ለደም ባንክ ሶፍትዌር ያዘጋጃል። የለጋሾች ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደም ሲያጥር ፕሮግራሙ «ይድረሱልን» የሚል መልእክት ይልክላቸዋል። የድሮው ኮድ ክፉ አመል ነበረበት፤ እያንዳንዱ ክፍል ዳታቤዝ ባሰኘው ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። ድስት ጥዶ ጨው በፈለገ ቁጥር ገበያ እንደሚሮጥ ምግብ አብሳይ በሉት። ባለፈው ወር ሞካሪው፣ ያ ቀልደኛ ባልደረባዋ፣ ለሙከራ ብሎ ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ እውነተኛው ዳታቤዝ ዘንድ ሄዶ ለለጋሾቹ ሁሉ መልእክቱን ላከ። ደም ባንኩ በር ላይ ሰው ተሰለፈ። ከተሰለፉት አንዷ በአንድ እግሯ ቡናማ፣ በሌላው ጥቁር ነጠላ ጫማ አድርጋ ታለከልክ ነበር። እናቷ ናት።

«ማነው የሚሞተው?» አለች እናት።

«ማንም እማዬ። ሙከራ ነው» አለች ከቢሮ ሮጣ የደረሰችው ልጅ።

«ሙከራ? ልቤ በአፌ ልትወጣ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ሁለተኛ ብትጠሩኝ ንቅንቅ አልልም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ሌሎቹም ይህንኑ እያጉረመረሙ ተበተኑ። ሴትዮዋ ደግሞ ካለች አለች ነው፤ በአንድ ብርድ ልብስ ሰበብ ተኳርፋ ከእህቷ ጋር ስንት ዘመን ዘግታ የኖረች ናት። የደሟ ዓይነትም እንደ ልብ አይገኝም።

ስለዚህ አዲሱ ሥራ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን በሚሉት መንገድ ይሠራ ተባለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ክፍሉ የሚያስፈልገውን ራሱ አይፈልግም፣ ከውጭ ይሰጠዋል። ለሙከራ የውሸት ዳታቤዝ፣ ለሥራ እውነተኛው። ማደሉ የፍሬምወርኩ፣ የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያገጣጥመው የዝግጁ ማዕቀፍ፣ ፋንታ ነው። የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንዱ ትልቁ፣ ዓለም ያወቀው፣ ሁሉን ራሱ ፈልጎ የሚገጣጥም ቀልጣፋ። ሌላው ትንሽዬ፣ እያንዳንዷን ነገር ካላስጻፈ የማይንቀሳቀስ ግትር።

«ግትሩንማ ተይው» አለ አለቃው። «ትልቁን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«እስቲ ልፈትናቸው።»

የኔትወርኩን ኬብል ነቀለች። ከዚያ ሆን ብላ ስህተት ሠራች፤ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚሰጥ ለሁለቱም ሳትነግራቸው ቀረች። ሰው የሚረሳው ይህንኑ ነውና። ትልቁ ሳያቅማማ ተነሳ። ስክሪኑን ስታነብ ጸጉሯ ቆመ፤ ኮዱ ውስጥ አንድ ጥግ ተረስቶ የቀረውን የእውነተኛውን ዳታቤዝ አድራሻ አግኝቶ በሩን እያንኳኳ ነበር።

«ኬብሉ ባይነቀል ይሄኔ እማማ ጫማ እየፈለጉ ነበር!» አለ ሞካሪው ከኋላዋ።

ትንሹን ሞከረች። ገና ኮዱ ሲገጣጠም «ለዚህ ክፍል ዳታቤዝ የሚሰጥ የለም» አለና ክፍሉን በስሙ ጠርቶ ቁጭ አለ። ቢገፉትም ወይ ፍንክች!

በደስታ ጮቤ ረገጠች። «እምቢ አለ! አያችሁት? እምቢ አለ እኮ!» እያለች ሞካሪውን በትከሻው ይዛ ነቀነቀችው። በእምቢታ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው አይታይም።

«ትልቁም በደንብ ካሰሩት አያመልጥም» አለ አለቃው። እውነቱን ነው።

«ማሰሩን የምንረሳው እኛ ነንና!» አለችና ዓይኗን ሳታሽ ትንሹን መረጠች። አለቃው ራሱን እያከከ ሳቀ፤ ተስማማም።

ፕሮግራሙ ተሠራ። ሞካሪው እጁ እስኪዝል ፈተነው፣ የአንድም ለጋሽ ስልክ አልጮኸም። ከዚያ አንድ ጠዋት እውነተኛው ችግር መጣ፤ ደም አጠረ፣ ያውም ያ የማይገኘው ዓይነት። መልእክቱ ሄደ። ወደ እናቷ መደወል አማራት፣ ግን በልመና የመጣች እንደሆነ ፕሮግራሙ መታመኑን በምን ታውቃለች? ስልኳን ቢሮ ትታ ደም ባንኩ በር ላይ ቆመች። አንድ ሰው መጣ። ሌላ መጣ። እናቷ የለችም። ደስታዋ ሁሉ ከውስጧ ሟሸሸ።

ልትመለስ ስትል እናቷ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለች።

«እማዬ! አልመጣም ብለሽ አልነበር?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለ ስልክ ሲጮህማ እውነት ነው» አለች እናት፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ዞር በይ ልግባበት፣ ሰው ይጠብቃል።»

ዞር አለችላት። እናቷ ስታልፍ እግሯን አየች፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር።