ያልተነካው ፋይል

«ድራይቭ ላይ አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አለ፤ የት እንዳለ ግን ጠይቁት። ቤቴል አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ሠራተኛው ሁሉ በኢንተርኔት አብሮ የሚሠራበት የጋራ ድራይቭ ነበር። ፈተናው፣ የስም ዝርዝሩ፣ ደብዳቤው፣ የአንዱ መምህር የሠርግ ፎቶ ሳይቀር እዚያ ተዘርግፏል። የፋይሎቹ ስም ደግሞ «አዲሱ»፣ «ዋናው»፣ «የመጨረሻው»፣ «ትክክለኛው ይሄ ነው» ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ፈተና ስፈልግ ግማሽ ቀን ያለቀብኝ ጊዜ አለ።

ክረምቱን ሙሉ፣ ሌላው ሲያርፍ፣ እኔ ከኮልፌ በሁለት ታክሲ እየተመላለስኩ አጸዳሁት። ለየክፍሉ ፎልደር ከፈትኩ፤ ፋይሉን ሁሉ በእኛው ዓመተ ምሕረት ሰየምኩ፤ ያረጀውን አጠፋሁ። አንድ ብቻ ቀረ። ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። አዲሱን እኔ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ያለፈው ዓመቱ ግን የዳይሬክተሩ ሥራ ነበር። እሳቸው ከፈረንጆች ጋር ሲሠሩ ስለኖሩ ስሙ ላይ የጻፉት የፈረንጅ ዓመት ነው። ላጥፋው ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳቸው። የኔን አትንኪብኝ፣ ምን ቦታ ይይዝብሻል አሉኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ተውኩት።

ጥር ላይ የአንዲት የኬጂ ተማሪ እናት ቢሮ መጣች። ከባሏ ተፋታለች፤ ፍርድ ቤቱ አባትየው ልጅቷን እንዳይወስድ ከልክሏል። ውሳኔውን አሳየችኝ። ስሙን ከአዲሱ ዝርዝር ሳወጣው ከኋላዬ ቆማ በዓይኗ አየች፤ አመስግናኝ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እኔ ክፍለ ከተማ ደብዳቤ ለማድረስ በወጣሁበት፣ አባትየው መጣ። ጥበቃው ከበር ወደ ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ገና ሥራ የጀመረች የኬጂ ኃላፊ ናት። ፎልደሩን ከፈተች፤ ሁለት ዝርዝር አገኘች፤ ዓመቱ የሚበልጠውን አየች። የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በሰባት በስምንት ይበልጣል፤ በጥድፊያ ላይ ይህን ማን ያስባል? አሮጌው አዲስ መሰላት። የአባትየው ስም እዚያ ላይ አለ። ይውሰዳት አለች።

ልጅቷ የተገኘችው በሦስተኛው ቀን፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ነው። ደህና ነበረች። እናትየው ግን ቢሮ ስትገባ ነጠላዋን በጭንቀት እየጠመዘዘች ነበር። ዳይሬክተሩ ለስላሳ አስመጡላት። የሲስተም ስህተት ነው አሏት። ሲስተም! እንድደግፋቸው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ያንን ጠርሙስ አንስቼ ግድግዳ ላይ ስላልፈጠፈጥኩት ዛሬም ይቆጨኛል።

እሷ እሳቸውን ዞር ብላም አላየች። እኔን ነው ያየችው።

«ሁለት ዝርዝር እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋሽውም?»

«የእሳቸው ስለሆነ አፈርኩ» አልኳት።

«እሳቸውን አፍረሽ ልጄን ሰጠሽ» አለችኝ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ከእኛ ዘንድ እንደምታስወጣ ተናግራ መሸኛ ጠየቀች፤ እኔ ጻፍኩ፣ ዳይሬክተሩ ፈረሙ። ወረቀቱን ይዛ ግቢውን ሳትለቅ ማንንም ሳላስፈቅድ ያንን ፋይል አጠፋሁት። ዓይን እስኪጨፈን አልፈጀም። እስከ ዛሬ የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እሳቸውም ቢሆኑ።