ለሽያጭ የቆመው ብረት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከምትኖርበት ከሺፋ ሰፈር ደወለችልኝ። ከባሏ ጋር የሳሎናቸውን ኮርኒስ ሊቀቡ አስበዋል። "አባዬ፣ ለመወጣጫ ስካፎልዲንግ እንግዛ ወይስ እንከራይ?" አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ።

እኔና እናቷ ጽጌ አዲስ ተጋቢዎች ሳለን እዚሁ ዐረብ አገር፣ መላዝ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። በብርዱ ወራት የጣለው ዝናብ የደረጃውን ኮርኒስ አበላሸው። ጽጌ ከፍታ አትፈራምና "የምቀባው እኔ ነኝ" አለች። ክርክራችን መወጣጫው ላይ ነበር። እሷ እንከራይ ትላለች። እኔ ደግሞ ገና ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ መሐንዲስ፣ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" እያልኩ የራሴ ብረት አማረኝ። ለጓደኞቼ እየተኩራራሁ ሳውሰው ሁሉ ይታየኝ ነበር።

አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት ትኩስ የተሚስ ዳቦ በፉል በልተን ወደ ከተማው ደቡብ ነዳን። ሰማዩ በአቧራ ገርጥቷል። ስካፎልዲንግ የሚያከራዩበትና የሚሸጡበት ግቢ ስንደርስ የተቀበለን ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ለሽያጭ ከቆሙት መካከል ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን መርጬ "ይኼን እንወስዳለን" አልኩት።

ሰይድ ከኪሱ የብሎን መፍቻ አወጣና ዐይኑን ጨፍኖ ብረቶቹን ተራ በተራ መታ መታ ያደርግ ጀመር። አንዱ እንደ ቃጭል ጠራ። ሁለተኛውም ጠራ። ሦስተኛውም ለእኔ ጆሮ ያው ነበር፤ እሱ ግን ደጋግሞ መታውና ዐይኑን ገለጠ።

"ወንድሜ፣ ማነው የሚወጣበት?"

"እኔ ነኝ" አለች ጽጌ።

"እህቴ፣ ይኼ ወላሂ ሞቷል። ብየዳው ተሰንጥቋል።"

የተማርኩት እኔ ጎንበስ ብዬ ባይ ባይ ከቀለሙ በቀር የሚታየኝ ጠፋ። ሰይድ በመፍቻው ቀለሙን ፋቅ ሲያደርገው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቅ አለች። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ሰይድ ከመምህሮቼ ሁሉ ገዝፎ ታየኝ።

"ታዲያ ለምን ትሸጡታላችሁ?" አልኩት።

ወደ አለቃው ቢሮ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሚከራየው በተመለሰ ቁጥር አንድ በአንድ እፈትሸዋለሁ። አይሆንም ብዬ የጣልኩትን ሙዲሩ ቀለም ቀብቶ ለሽያጭ ያቆመዋል። ተከራዩ፣ ኸላስ፣ በቃ።"

"እንዲህ መስማት ከየት ተማርክ?" አለችው ጽጌ።

"ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ካለ ብረት ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ነው፣ እህቴ።"

ይህን ብሎ ወደሚከራዩት ብረቶች መራን። የተከራየነውን ሲጭንልን እንኳ እያንዳንዱን እየመታ ያዳምጥ ነበር። ጽጌ ሦስት ቀን እላይ ሆና እያንጎራጎረች ቀባች፤ በሰላም ወረደች።

"አባዬ፣ አለህ?" አለችኝ ልጄ በስልኩ።

"ተከራዪ። ሳልመጣ ግን እንዳትወጪበት" አልኳት።

ሄጄ ምን እንደምፈይድ እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ብረት ሁሉ መትቼ አዳምጫለሁ፤ ለእኔ ሁሉም ይጠራል። ድሮ በዚህ እናደድ ነበር። አሁን ግን ሰይድ ያን ጆሮ ያገኘበትን ሳስብ፣ እንኳንም አልሰማሁ እላለሁ።