በረኛችን የቆረበ ዕለት

አጥቂ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። አዲስ አበባ ላይ ስታዲየም ሙሉ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨብጭቦልኛል። ጉልበቴ ተበላሽቶ፣ ተቀዶ፣ እንደገና ተቀዶ፣ ሐኪሙ "ከእንግዲህ በቃህ" ሲለኝ ወደ ትውልድ አገሬ ወረታ ተመለስኩና የከተማውን ቡድን ማሠልጠን ጀመርኩ። ማሠልጠን እንዲህ አንጀት የሚያቃጥል ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ተጫዋች ሳለሁ የተናደድኩ እንደሆነ ንዴቴን በኳሷ ላይ እወጣው ነበር። አሰልጣኝ ግን መስመር ላይ ቆሞ መንጨርጨር ብቻ ነው፤ ከእኔ ጠባይ ጋር ደግሞ አስቡት።

ልጆቼ የባጃጅ ሹፌሮች፣ የነጋዴና የሩዝ ገበሬ ልጆች ነበሩ። በረኛችን ግን ዲያቆን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለች ደብር ይቀድሳል፤ አባቱ እዚያው መሪጌታ ናቸው። ቁመቱ መለሎ፣ ነገረ ሥራው ዝግ ያለ ልጅ ነው። ኳስ ሲመጣበት ግን ያ ዝግታ የት እንደሚገባ አላውቅም። ስንት በረኛ አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አላየሁም። ይህን እያየሁ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

ድሮ አብሮኝ የተጫወተ ጓደኛ አለኝ፤ አሁን ለአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመርጠው እሱ ነው። ደወልኩለት።

"አንድ በረኛ አለኝ። ሳታየው ከቀረህ ይቆጭሃል" አልኩት።

"የምንፈልገው አንድ በረኛ ነው፤ በዚህ ሳምንት ምርጫውን እንዘጋለን። እሁድ እመጣለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ። ሌላ ቀን የለኝም" አለኝ።

እሁድ ከአንበሳሜ ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበረን፤ ያውም እኛው ሜዳ ላይ። በደስታ ልጁን ጠርቼ ነገርኩት። ፊቱ በራና ወዲያው ጠቆረ።

"አሰልጣኝ፣ እሁድ እኮ ሰሞነኛ ነኝ" አለኝ።

ሰሞነኛ ማለት የሳምንቱ ተረኛ ማለት ነው። ተረኛ የሆነ ዲያቆን ይቀድሳል፤ የቀደሰ ይቆርባል፤ የቆረበ ደግሞ በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ደም እንዳይነካው ይጠነቀቃል፣ ሮጦ አያልበውም። በረኛ መሬት ላይ ካልተንከባለለ፣ ክርኑ ካልተላጠ፣ ጓንቱ ላይ እንትፍ ካላለ ምኑን በረኛ ሆነ?

በማግስቱ አባቱ ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"መሪጌታ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸው ኳስህ ነው ያመጣህ?"

"ኳሱ ነው፤ ምን እዋሽዎታለሁ" አልኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ "የሰሞን ተራውን የሚይዝለት ካገኘ እኔ ምን ከፋኝ፤ እንጀራው ነው፣ ይሂድ። ካላገኘ ግን ሕዝቡ ቅዳሴ ሊታጎልበት አይችልም። ያን ጊዜ መጥተህ እንዳትለምነኝ" አሉ።

"አልለምንዎትም" አልኩ። ልጁ ተረኛ የሚሆንለት ዲያቆን ጓደኛውን አገኘ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

እሁድ ደረሰ። የአንበሳሜ ደጋፊ በአይሱዙ ተጭኖ እየጨፈረ ገባ። የደብረ ታቦር መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን አቁመው ጣሪያው ላይ ወጥተዋል። ጓደኛዬ ለእንግዳ ተብሎ በመጣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደስታዬ ሊገድለኝ ነው። በረኛዬ ግን የለም። ስልኩም ዝግ ነው።

ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው፣ ከታጨደው የሩዝ ማሳ በኩል ነጭ የለበሰ መለሎ ሰው ብቅ አለ። አፉን በነጠላው ሸፍኗል። እኛ አገር አፉን በነጠላ ሸፍኖ በዚህ ሰዓት የሚሄድን ሰው ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጆቼም ሁሉ ገባቸው፤ የሚያሟሙቁት እግራቸውን ተከሉ።

"ጓደኛዬን ትናንት ማታ ወባ ጣለው" አለኝ በነጠላው ውስጥ። "ዲያቆን ጎደለ። ሕዝቡ ቅዳሴ ሳይሰማ ሊመለስ ሆነ። ምን ላድርግ፣ አሰልጣኝ?"

ደሜ ፈላ። ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የቆረበ ሰው ላይ ግን እንዴት ተብሎ ይጮኻል? ሁሉንም ዋጥኩትና ኮፍያዬን መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት። ከዚያ ከባጃጅ ሹፌሮቼ ወደ አንዱ ዞርኩ።

"ጓንት አድርግ።"

"ኮች፣ እኔ እኮ ተከላካይ ነኝ።"

"ዛሬ በረኛ ነህ።"

ያን ጨዋታ እንዴት ልንገራችሁ። አንበሳሜዎች ገና ሳንረጋጋ አገቡብን። ባጃጅ ሹፌሬ ኳሷን የሚያያት ልክ ፊት ለፊት እንደመጣችበት ላም ነው፤ ወይ ይሸሻታል ወይ ይጋጫታል። አቻ ሆንን። እንደገና አገቡብን። እንደገና አቻ ሆንን። ድምፄ ጠፋ፤ በምልክት ማሠልጠን ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል የግራ መስመር ተጫዋቼ ሁለት ሰው አልፎ መታና አገባ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው የት እንደሆነ፣ ሰው የት እንደሆነ አላውቅም፤ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቴን አንቆ ሲስመኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ዋንጫውን በላነው።

ዲያቆኑ ግን የተቀያሪዎች ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ደስ ብሎታል፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ጓደኛዬ መጣና "ቡድንህ ግሩም ነው። ስለ በረኛህ ግን ምን ልበልህ" አለኝ።

"በረኛዬ ያውልህ" አልኩት ነጠላ ለባሹን እያሳየሁ፤ የሆነውንም ነገርኩት። "ነገ ጠዋት እየው። በእናትህ።"

"አውሮፕላኔ ከባሕር ዳር የሚነሳው ከሰዓት ነው። ጠዋት አየዋለሁ። ግን የቡድኑ ልጆች እንዳይመቱበት፤ ያባብሉታል። አንተ ነህ የምትመታው። የአንተን ምት አውቀዋለሁ። ካለሳለስክለት ወዲያው ተነስቼ እሄዳለሁ።"

ጉልበቴ ከተቀደደ ወዲህ ኳስ አጥብቄ መትቼ አላውቅም። እሺ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ እኛና መሪጌታ ብቻ ነበርን። መሪጌታ ከጎሉ ጎን ቆመዋል። ኳሷን አስቀመጥኩ፤ መታሁ። ጥግ ላይ ገባች። እና እኔ ጅሉ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ጨፈርኩ። የስታዲየሙ ሰው ታየኝ መሰለኝ። ዞር ስል መሪጌታ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ልጁ ኳሷን ከመረቡ እያወጣ ነው። አፈርኩ፤ በእውነት አፈርኩ።

ሁለተኛውን መታሁ፤ አወጣው። ሌላውን መታሁ፤ በጣቱ ጫፍ ገፍቶ ከእንጨቱ ጋር አላተመው። አሁን ጉድ መጣ። እልህ ያዘኝ። ለእሱ እንዲሆንለት የምጸልየው እኔው፣ ላገባበት የምሞተውም እኔው። ጉልበቴ እሳት ሆኗል።

"የመጨረሻዋ" አለ ጓደኛዬ።

ስታዲየሙን ያስነሳሁባት ዘዴ ነበረችኝ፤ በዓይኔ ቀኙን አይቼ፣ ገላዬንም ወደ ቀኝ ጥዬ፣ ኳሷን ወደ ግራ ከላይ መላክ። በዚች የተሸነፉትን በረኞች እኔ ነኝ የማውቃቸው። ያለኝን ጉልበት ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ መታኋት። ከእግሬ እንደወጣች ገብታለች ብያለሁ። ልጁ ግን ዓይኔን ጨርሶ አላመነም፤ እግሬን ነበር የሚያየው። ወደ ግራዬ ተወረወረ፤ ኳሷን አየር ላይ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ደረቱ ላይ አቅፏት አቧራው ውስጥ ወደቀ።

ጉልበቴም ከዳኝና በቂጤ ቁጭ አልኩ። ትናንት የዋጥኩትን ጩኸት ሁሉ ያን ጊዜ ለቀቅኩት። ጎል ስስት ሕይወቴን በሙሉ ሣር ነጭቻለሁ፣ ጫማ ወርውሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን በደስታ አበድኩ።

"ረቡዕ አዲስ አበባ ይድረስ" አለ ጓደኛዬ ለመሪጌታ፤ እጃቸውንም ይዞ ዝቅ ብሎ ሳመ።

ልጁ ይህን አልሰማም። እኔ የተጎዳሁ መስሎት፣ ኳሷን በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣና ሊያነሳኝ እጁን ዘረጋልኝ።

"አሰልጣኝ፣ ምነው ጉልበትዎን አመመዎት?"

"አመመኝ እንጂ" አልኩት። "አለፍክ እኮ፣ ልጄ። በእኔ ላይ አለፍክ።" ይህን ብዬ እጁን እንደያዝኩ አለቀስኩ።